በ3 ዶላር ቡና ላይ 21 ሳንቲም፦ ከካርድ ማሽኔ ጋር 11 ወር

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። እንጀራ፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ቡና። ካርድ የምቀበልባትን ማሽን ከገዛሁ 11 ወር ሞላኝ። የማወራው ሁሉ ምስጋና ስላልሆነ የኩባንያውን ስም አልጠራም።

ማሽኗ መዳፍ ላይ ታርፋለች፣ ከስልኬ ጋር በብሉቱዝ ትገናኛለች። ካርዱን ጠጋ ማድረግ ነው፣ አለቀ። እናቶቻችን ሳይቀሩ ለምደዋታል። ባትሪዋ መጀመሪያ ቀኑን ሙሉ ይውል ነበር፤ አሁን ከምሳ በኋላ ሻርጅ ትፈልጋለች።

አንዴ ግን ጉድ ሠርታኛለች። የፋሲካ ዋዜማ ነው፣ ሰልፉ በሩ ድረስ ደርሷል፣ ኢንተርኔት ጠፋ። ማሽኗ ያለ ኢንተርኔትም ክፍያ ትይዛለች፤ «ተመስገን» ብዬ ቀጠልኩ። መስመሩ ሲመለስ ሁለት ካርድ ውድቅ ሆነ። 74 ዶላር። እንጀራው ሄዷል፣ ሰዎቹን አላውቃቸውም። ውሉ እንዲህ ያለው ኪሳራ የሻጩ ነው ይላል። ሳላነብ የፈረምኩት እኔው ነኝ።

አሁን ወደ ኮሚሽኑ። የኔ ውል ከመቶ 2.6፣ በላዩ ላይ ለእያንዳንዱ ክፍያ 10 ሳንቲም ነው። ሲያወሩት ኢምንት ይመስላል። ቡና በ3 ዶላር እሸጥ ነበር። 6 በመቶ ታክስ ሲገባበት 3.18 ይሆናል። ደንበኛው አንድ ዶላር ቲፕ ሲጨምር 4.18። ኩባንያው የሚቆርጠው ከጠቅላላው ነው፦ 21 ሳንቲም። ታክሱ የሜሪላንድ ነው፣ ቲፑ ቡና የምታፈላዋ ልጅ ነው፤ ኮሚሽን ከፋዩ ግን እኔ። ከ3 ዶላሬ 7 በመቶው ሄደ ማለት ነው። በወር በካርድ 900 ቡና ስሸጥ 189 ዶላር።

ተናድጄ ባንኮኒው ላይ ወረቀት ለጠፍኩ፦ «በካርድ ለሚከፍሉ 3% ይጨመራል»። ሦስት ቀን አልቆየም። አንድ ወጣት ካርዱን አሳየኝና «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ዴቢት ነው፣ በዴቢት ላይ መጨመር አይቻልም» አለኝ። ሳጣራ እውነቱን ነው። የካርዶቹ ደንብ ጭማሪ የሚፈቅደው ባንክ በሚያበድርበት በክሬዲት ካርድ ላይ ብቻ ነው፤ ዴቢት ከራስ የባንክ ሂሳብ የሚቆረጥ ነው። ቪዛ የሚባለው የካርድ ኩባንያ የጭማሪውን ጣሪያ ከ2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ 3 በመቶ አድርጎታል፤ ያውም አንተ ከምትከፍለው ኮሚሽን መብለጥ የለበትም። ወረቀቱን ቀደድኩት።

ከዚያ ቁጭ ብዬ ሳሰላ የተናደድኩት በተሳሳተው ቦታ ነበር። ከኮሚሽኑ ብዙ ጊዜ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ካርዱን ለደንበኛው የሰጠው ባንክ ነው። ሀብታቸው 10 ቢሊዮን ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ ባንኮች በዴቢት የሚወስዱት ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሕግ ተገድቧል፦ ቢበዛ 21 ሳንቲምና ከክፍያው 0.05 በመቶ፣ ማጭበርበርን ለሚከላከሉት ደግሞ ተጨማሪ 1 ሳንቲም። እንግዲህ በዚያ ቡና ላይ ባንኩ ብቻውን 22 ሳንቲም ሊወስድ ይችላል። እኔ ለኩባንያው የምከፍለው 21! በቡናዬ የሚከስረው ኩባንያው ነው።

የኔን ኪስ የሚያራቁተው አስቤዛው ነው። በ60 ዶላር ዕቃ ላይ ያው ባንክ 25 ሳንቲም ያህል ይወስዳል፤ ከኔ የሚቆረጠው 1.66 ነው። ለቪዛ ወይም ለማስተርካርድ ከምትሄደው ጥቂት ሳንቲም በቀር ልዩነቱ ኩባንያው ጋ ይቀራል። ክሬዲት ካርድ፣ በተለይ ለአውሮፕላን ትኬት የሚሆን ማይል የሚሰጠው፣ ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ ባንኩ ራሱ ብዙ ስለሚወስድ የኔ ውል አይከፋም። ደንበኞቼ ግን አብዛኞቹ ዴቢት ናቸው።

ስለዚህ የባንኩን ድርሻ እንዳለ አስከፍሎ የራሱን ትርፍ ለብቻው የሚጽፍ ውል እየፈለግሁ ነው፤ እዚህ ኢንተርቼንጅ ፕላስ ይሉታል። አንድ ሻጭ መጥቶ ነበር። ኮሚሽኑ ያምራል፤ ማሽኑ ግን በሊዝ ነው፣ 48 ወር፣ ማቋረጥ የለም። ዘንድሮ ውል አነባለሁ። ቡና ጋብዤ ሸኘሁት።

እስከዚያው ቡናውን 3.25 አድርጌ በካሽ ለሚከፍል 25 ሳንቲም ቀነስኩ። ለካሽ መቀነስ ይፈቀዳል። ግን ማን ካሽ ይይዛል? ከአሥር ሰው ሁለት ቢገኝ ነው። ጠዋት ጠዋት የሚመጡ አንድ አባት አሉ፤ 25 ሳንቲሟን ይቀበሉና የልጅቷ ቲፕ ማሰሮ ውስጥ ይጥሏታል።