የሽብር መከላከያው ድጎማ ወይስ የአደጋ ዝግጁነቱ፦ ለቁጥጥር የትኛው ይከብዳል?

አሜሪካ ውስጥ ስቴቶች ከፌማ (የፌዴራሉ የድንገተኛ አደጋ አመራር ኤጀንሲ) የሚያገኙት ገንዘብ ሁሉ አንድ ይመስላል። አይደለም።

የአገር ውስጥ ደህንነት ድጎማው የመጣው ከመስከረም 2001 (እ.ኤ.አ.) ጥቃት በኋላ ነው፤ ትኩረቱ ሽብር ነው። የራስ መዋጮ አይጠየቅበትም። ስቴቱ 80 በመቶውን በ45 ቀን ውስጥ ለከተሞችና ለካውንቲዎች (በስቴቱ ሥር ላሉ የአካባቢ አስተዳደሮች) ማስተላለፍ አለበት። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ሬዲዮው፣ የመከላከያ ልብሱ፣ ተሽከርካሪው በየጣቢያው ይበተናል። የፌዴራሉ ደንብ ንብረቱ ቢያንስ በ2 ዓመት አንዴ በአካል ይቆጠር ይላል። ግን የስቴቱ ሰው ሄዶ ካላየ፣ መዝገብ ላይ ያለው ጄኔሬተር መጋዘን ውስጥ አቧራ ይጠጣ ወይም ጠፍቶ ይሁን ማን ያውቃል?

የድንገተኛ አደጋ አመራር ድጎማው ሌላ ነው። ጎርፉም፣ አውሎ ነፋሱም፣ ሰደድ እሳቱም ይመለከተዋል። ደመወዝ፣ እቅድና ልምምድ ይሸፈንበታል። ግማሹን ወጪ ግን ተቀባዩ ያዋጣል። ስለዚህ ኦዲተሩ በብዛት የሚያገላብጠው የሥራ ሰዓት መዝገብና የመዋጮ ሰነድ ነው። አሰልቺ ነው፤ ቢሆንም ቢሮ ተቀምጦ ያልቃል።

ለቁጥጥር ከሆነ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። የራሱን ብር የጨመረ ካውንቲ ወጪውን በዓይኑ ይከታተላል። ድሃው ካውንቲ ግን መዋጮው ከብዶት ድጎማውን ጭራሽ ሊተወው ይችላል።