አጁሩሚያ ለጀማሪ ይሆናል ወይ?

ነህው (የዓረብኛ ሰዋስው) ከየት ልጀምር ለምትሉ፣ አጁሩሚያን ጨረስኩት። እ.ኤ.አ. በ1323 የሞቱት የፌዙ (ሞሮኮ) ሼህ ኢብን አጁሩም የጻፉት ቀጭን ኪታብ ነው፣ ወሎ ያሉ ደረሶችም (የኪታብ ተማሪዎች) ይቀሩታል። አሪፍነቱ ቆጥሮ ነው የሚሰጥህ፣ መርፉዕ (እንደ ባለቤት ያለው ስም) 7፣ መንሱብ (እንደ ተሳቢ ያለው) 15 ብሎ፣ በቃ ትሸመድደዋለህ። ለኛ ደሞ መንሱብ ብዙም አይከብድም፣ "ልጁን አየሁት" ስንል ያቺ "ን" የምትሰራውን እዛ ፈትሃ (ቃሉ መጨረሻ ላይ የምትመጣው የ"አ" ድምፅ ምልክት) ትሰራዋለች (ሁሌ ባይሆንም)። ችግሩ መልመጃ የሚባል ነገር የለውም፣ ሰርፍም (የቃል እርባታ) አታገኝበትም፣ ደሞ ሌላው መጽሐፍ ጀር (ለምሳሌ ከመስተዋድድ በኋላ የሚመጣ ስም የሚይዘው ሙያ) የሚለውን እሱ ኸፍድ ይለዋል፣ እኔ ሁለት የተለያየ ነገር መስሎኝ ስንት ቀን ተምታታብኝ። ብቻህን ከሆንክ ይደርቅብሃል፣ ኡስታዝ ፈልግ ወይ ሸርህ (ማብራሪያ) ያለውን ግዛ። ለማውራት ብቻ ከሆነ ግን ተወው፣ ጅዳ ታክሲ ውስጥ ማንም ኢዕራብ (የቃል መጨረሻ ለውጥ) እየጠበቀ አያወራም።