ከታይዋን ገበያ የገዛሁት ሞኒተር፣ ከሦስት ወር በኋላ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ትንሽ ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ጽሕፈት፣ ጉርድ ፎቶ፣ ላሚኔሽን፣ የመጣውን ሁሉ እሠራለሁ። የድሮዋ ሞኒተሬ ግማሽ ፊቷ ሲጨልምብኝ ታይዋን የሚባለው ገበያችን ወርጄ ያገለገለ ባለ 24 ኢንች ገዛሁ። ልጁ 11,000 ብሎ ጀመረ፣ 9,500 ላይ ተስማማን። ብራንዱን ተዉት። ሰክቶ አበራልኝ፣ ቦግ አለ። «አቦ፣ አዲስ ማለት ነው!» አለኝ። ባጃጅ ላይ ጫንኩት፣ ወደ ቤት።

ዛሬ ወድጄዋለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ግን ጨጓራዬን ልጦታል።

አንዲት አዴ፣ ትልቅ ሴት፣ ለባንክ ጉርድ ፎቶ ሊነሱ መጡ። ስክሪኑ ላይ ፊታቸው ቢጫ ሆነብኝ። ቢጫውን ቀነስኩ፣ ሰማያዊ ጨመርኩ፣ አሳምሬ አተምኩ። አዴ ፎቶውን አገላብጠው አዩና «ልጄ፣ እኔ መቼ ሞትኩ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ከንፈራቸው ሳይቀር ሰማያዊ ሆኗል። በነጻ ደግሜ አተምኩላቸው፣ ያው ሬሳ። ፕሪንተሩን ጠረጠርኩ። ቀለም ቀየርኩ። ወረቀት ቀየርኩ። ከኪሴ ስንት ብር ወጣ መሰላችሁ!

ለካ ጉዱ ሞኒተሩ ላይ ነው። የቀድሞው ባለቤት «ሪዲንግ» በሚባለው ሞድ ላይ ትቶታል። ይሄ ሞድ ዓይን እንዳይደክም ብሎ ሰማያዊውን ብርሃን ይቀንሳል፣ ነጩ ወረቀት ሻይ በወተት ይመስላል። ፎቶው ቢጫ አልነበረም፣ ቢጫው ስክሪኑ ነው። እኔ ደግሞ የስክሪኑን ቢጫ ከሰው ፊት ላይ ስቀንስ ከርሜያለሁ።

ስለዚህ ከታች ጠርዙ ያሉትን ቁልፎች እየነካካሁ ሜኑውን በረበርኩት። ለፎቶ «ኤስአርጂቢ» ላይ አደርገዋለሁ። ካሜራውም ኮምፒውተሩም የሚግባቡበት የቀለም ልክ እሱ ነው። በኔ ሞኒተር እዚህ ሞድ ላይ ብራይትነሱ ይቆለፋል፣ መጀመሪያ ተበላሸ ብዬ ደንግጬ ነበር። ለጽሕፈት «ስታንዳርድ» ይበቃኛል፣ ማታ ሲመሽ ያቺው ቢጫዋ «ሪዲንግ»። «ሙቪ» ለኔ ሥራ አይሆንም። ጥቁሩን ያጠቁራል፣ ብርሃኑም እንደሚታየው ነገር ራሱ ከፍ ዝቅ ይላል። ነጭ ገጽ ስከፍት ይፈካል፣ ጠቆር ያለ ፎቶ ስከፍት ይጨልማል። እንዲህ በሚዋዥቅ ብርሃን የፊት ቀለም አይዳኝም።

ሌላው የኃይል ቁጠባው ነው። ደንበኛ ጋር ሒሳብ ስተሳሰብ ስክሪኑ ድርግም ይላል፣ ብርቱካናማዋ መብራት ብልጭ ብልጭ ትላለች። ተቃጠለ ብዬ ስንቴ ክው አልኩ! ተኝቶ ነው፣ ማውሱን ነካ ሲያደርጉት ይነቃል። አሁን ለምጄዋለሁ። ተኝቶ ሳለ የሚበላው ከ1 ዋት በታች ነው፣ ሥራ ላይ ግን 20 ዋት ገደማ ይወስዳል። አብዛኛው የሚሄደው ከጀርባ ለሚያበራው መብራት ስለሆነ በ«ስታንዳርድ» ሞድ ብራይትነሱን ከ100 ወደ 55 አወረድኩት። በበሩ የሚገባው የድሬ ፀሐይ መጀመሪያ አስቸግሮኝ ነበር፣ ጠረጴዛዋን ወደ ጎን ሳዞራት ተገላገልኩ። መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱ ሴቭ አድርጌ እስክዘጋ ይጠብቀኛል።

የእህቴ ልጅ ዴስክቶፑን ጥቁር አድርጊው፣ ኃይል ይቆጥባል ብሎኝ ነበር። ኦሌድ ስክሪን፣ ማለትም እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ የሚያበራበት ስክሪን፣ ላለው ስልክ ልክ ነው። የኔ ሞኒተር ግን ጥቁሩን ሲያሳይም ከጀርባው መብራቱ እንደበራ ነው። ዓሣ የሚዋኝበት ስክሪን ሴቨርም ያው፣ ለማየት ያምራል እንጂ አይቆጥብም። ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ዘግቼ ስወጣ ዲቫይደሩን አጠፋዋለሁ። ይሄ ለቁጠባ ሳይሆን፣ መብራት ሲመጣ ገፍቶ እንዳይመጣበት ነው።

አንድ ጠዋት ደግሞ «ኖ ሲግናል» አለኝ። ነቃቅዬ በባጃጅ ታይዋን መለስኩት፣ ልጁን ልቆጣው ተዘጋጅቼ። እሱ የራሱን ገመድ ሰካበትና በራ! ሰው ፊት አፈርኩ። «አቦ፣ ገመድሽንም ይዘሽ ነይ እንጂ» አለኝ እየሳቀ። የኔ ቪጂኤ ገመድ አንዷ እግሯ ታጥፋለች። «ኖ ሲግናል» ብሎ መጻፉ ራሱ ሞኒተሩ በሕይወት አለ ማለት እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ያጣው ሲግናሉን ነው። ከገመዱ ሌላ፣ ሜኑው ላይ የተመረጠው መግቢያ ኤችዲኤምአይ ሆኖ ገመዱ ቪጂኤ ላይ ተሰክቶም ያንኑ ይላል። እዚያው ኤችዲኤምአይ ገመድ ገዛሁ፣ ኮምፒውተሩንም 1920 በ1080 ነጥብ ላይ አስተካከልኩት። ፊደሉ ጥርት አለ፣ «ጸ»ን ከ«ጽ» ለመለየት አንገቴን ማስገግ ቀረ።

ጉድለት አለው። ቁልፎቹ በዳበሳ ናቸው፣ ድምፅ ልቀንስ ስል ቋንቋውን ወደ ቻይንኛ ቀይሬው አውቃለሁ። መቆሚያው ትንሽ ይወዛወዛል። በዋጋው ግን ለጽሕፈትና ለጉርድ ፎቶ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም፣ ከአሥር ሰባት ተኩል እሰጠዋለሁ።

ከላይ በግራ በኩል አንዲት የሞተች ነጥብ አለች። የዝንብ ኩስ መስላኝ ሁለት ቀን ስፈገፍጋት ነበር። አሁን ደንበኞቼ በጣታቸው ሊጠርጉልኝ ይሞክራሉ።