ስክሪኑ ቀጥ ሲል ኮምፒውተሩ አልሞተም፦ ስምንት ወር ከግራፊክስ ካርዴ ጋር

ይህን ግራፊክስ ካርድ ሊኑክስ ዴስክቶፔ ላይ ከገጠምኩት ስምንት ወር ሆነኝ። ዛሬ ብትጠይቁኝ ወድጄዋለሁ። በሁለተኛው ወር ቢሆን ግን ነቅዬ ልመልሰው ምንም አልቀረኝም ነበር።

መጀመሪያ ላይ ሰላም ነበር። ድራይቨሩ (ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ከከርነሉ (ከሊኑክስ እምብርት) ጋር አብሮ ስለሚመጣ ለብቻው የጫንኩት ነገር የለም። ገጠምኩት፣ አበራሁት፣ ሠራ። ከዚያ አንድ ማታ ጽሑፍ እያነበብኩ ስክሪኑ ቀጥ አለ። ማውሱ አይንቀሳቀስ፣ ኪቦርዱ አይሰማ። የከፈትኩት ሙዚቃ ግን መጫወቱን አላቆመም።

ያ ሙዚቃ ብዙ ይናገር ነበር፤ ያኔ አልገባኝም። የፓወር ቁልፉን ተጭኜ አጠፋሁት። በሳምንት ሁለት ሦስቴ እንዲህ እያደረግኩ አንድ ወር አለፈ። እንዲህ ማጥፋት ጉዳት አለው። ያልተቀመጠ ሥራ ይጠፋል። ከርነሉ በመጨረሻ ሰዓት የጻፈው መልእክትም ዲስክ ላይ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። በጣም የሚያስፈልገኝ ደግሞ እሱ ነበር።

ነገሩ የተለወጠው ከላፕቶፔ በኤስኤስኤች (ሌላ ኮምፒውተርን በኔትወርክ በኩል በትእዛዝ ማዘዣ) ወደ ዴስክቶፑ ለመግባት ስሞክር ነው። ስክሪኑ ደርቆ ሳለ ገባሁ! ከርነሉ ደህና ነው፤ ፕሮግራሞቹም እየሠሩ ነው። የተያዘው ግራፊክሱ ብቻ ነው። ሎጉን (የሲስተሙን የመልእክት መዝገብ) ስከፍተው፣ ድራይቨሩ ለካርዱ የላከው ሥራ በሰዓቱ እንዳላለቀ፣ ካርዱን ሪሴት ለማድረግም ሞክሮ እንዳልተሳካለት ጽፏል። ለዚህ ሁለተኛ ኮምፒውተር የግድ አይደለም፤ ስልክ ላይ የሚጫን የኤስኤስኤች አፕ ይበቃል። ዴስክቶፑ ላይ ግን የኤስኤስኤች ሰርቨሩን ቀድሞ ማስነሳት ያስፈልጋል።

ኤስኤስኤች እንቢ ካለም ሌላ መንገድ አለ። አልት እና ሲስአርኪው የሚባለውን ቁልፍ (ብዙ ኪቦርድ ላይ ከፕሪንት ስክሪን ጋር አንድ ነው) ይዛችሁ፣ ጥቂት ሰከንድ እየጠበቃችሁ አር፣ ኢ፣ አይ፣ ኤስ፣ ዩ፣ ቢ የሚሉትን ተራ በተራ ተጫኑ። ኢ እና አይ ፕሮግራሞቹን ይዘጋሉ። ኤስ በሜሞሪ ያለውን ዳታ ዲስክ ላይ ያሰፍራል። ዩ ዲስኩን የሚነበብ ብቻ ያደርገዋል፤ ቢ ሪስታርት ያደርጋል። ብዙ ዲስትሮዎች (የሊኑክስ ዓይነቶች) ይህን በከፊል ዘግተው ስለሚመጡ፣ ችግሩ ሳይመጣ ክፈቱት።

መንስኤውን ማግኘት ግን ጊዜ ወሰደ። ሜሞሪውን ሌሊቱን ሙሉ ፈተሽኩ፤ ንጹህ ነው። ካርዱን በአንድ ለሁለት በተከፈለ ኬብል ነበር ያገናኘሁት፤ ከፓወር ሰፕላዩ ሁለት የተለያዩ ኬብሎች አመጣሁለት። ማድረጉ ጥሩ ነው፤ ችግሩን ግን አልፈታም። በቆየ ከርነል ቡት አደረግኩ፣ ሜሳ የሚባለውን የግራፊክስ ሶፍትዌርም ቀየርኩ፤ ያው ነው።

ፍንጩ ያለው ሌላ ቦታ ነበር። ከባድ ጌም ስጫወት አንድም ቀን ቆሞ አያውቅም። የሚቆመው ሳነብ ወይም ቪዲዮ ፖዝ አድርጌ ስነሳ ነው። ካርዱ ሥራ ሲፈታ ማለት ነው። ስለዚህ ኤኤስፒኤም የሚባለውን የፒሲአይ ኤክስፕረስ ኃይል ቆጣቢ በግራብ (ሊኑክስን በሚያስነሳው ፕሮግራም) ማስነሻ መስመር ላይ ዘጋሁት። ሌላ ምንም ሳልነካ ጠበቅኩ። ሳምንት፣ ወር፣ ሁለት ወር፤ ሰላም።

እርግጠኛ ለመሆን በስድስተኛው ወር፣ ከከርነል አፕዴት በኋላ መልሼ ከፈትኩት። በሦስተኛው ቀን ስክሪኑ ደረቀ። ዘጋሁት፤ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። ካርዱ ሥራ ሲፈታ ትንሽ ተጨማሪ ኤሌክትሪክ ይበላል። እኔ ተቀብየዋለሁ፤ ላፕቶፕ ቢሆን ግን አስብበት ነበር።

ታዲያ ካርዱ ይገዛል? አዎ፣ ግን ገበያ ላይ በወጣ በወሩ አይሁን። የዲስትሮአችሁ ከርነል፣ ሜሳ እና ፈርምዌር (ካርዱ ላይ የሚጫነው ሶፍትዌር) ካርዱን ማወቃቸውን አይታችሁ ግዙ። ዌይላንድ (መስኮቶችን ስክሪን ላይ የሚያሳየው ሥርዓት) ላይ ፍጥነታቸው የተለያየ ሁለት ሞኒተሮች ያለ ችግር ይዞልኛል፤ ፋኑም ቀላል ሥራ ላይ አይሰማም። ቅር ያለኝ ሪሴቱ ነው። ካርድ ሊቆም ይችላል፤ ድራይቨሩ ግን ሊያነሳው ይገባ ነበር። ኤኤስፒኤምን ያጠፋሁበት መስመር አሁንም ግራብ ውስጥ አለ፤ ቀጣዩ ትልቅ የከርነል አፕዴት ሲመጣ አንስቼ እንደገና እሞክረዋለሁ።