የቶር ብራውዘር ሰርኪት መቀየሪያ፦ ምኑ ጥሩ ነው፣ ምን ይጎድለዋል

ሥራዬ መረጃ ማጣራት ነው። አንድ ወሬ እውነት መሆኑን ለማየት ቀኑን ሙሉ ድረ ገጽ ስከፍትና ስዘጋ እውላለሁ። ከእነሱ ውስጥ ማን እንዳነበባቸው እንዲታወቅ የማልፈልጋቸው አሉ። ለእነዚያ ማን እንደሆንኩና ከየት እንደመጣሁ የሚደብቀውን ቶር ብራውዘርን እጠቀማለሁ። ስለ ቶር በጥቅሉ ብዙ ስለተባለ እኔ ስለ አንድ ክፍሉ ብቻ ልጻፍ፦ ሰርኪቱን ስለሚያሳየውና ስለሚቀይረው መስኮት።

ለማታውቁት ባጭሩ፦ ቶር ግንኙነታችሁን ሪሌይ በሚባሉ ሦስት ሰርቨሮች አሳልፎ ነው ድረ ገጹ ጋ የሚያደርሰው። የመጀመሪያው ጋርድ ይባላል። ከየት እንደመጣችሁ ያውቃል፣ የት እንደምትሄዱ ግን አያውቅም። የመጨረሻው መውጫው ነው። እሱ ደግሞ የት እንደምትሄዱ ያያል፣ ማን እንደሆናችሁ ግን አያውቅም። የመሃሉ ሁለቱን ይለያያል። ሰርኪት የሚባለው ይህ ሦስቱ ያሉበት መስመር ነው። ሪሌዮቹን የሚያንቀሳቅሱት በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

መስኮቱን ለማየት አድራሻው ከተጻፈበት በስተግራ ያለችውን የሰርኪት ምልክት መጫን ነው። ምልክቷ ለብቻዋ የወጣችው በ2023 እ.ኤ.አ. ከቁጥር 12.5 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት አድራሻው ጎን ካለው የጓጉንቸር ምልክት ሥር ተደብቃ ስለነበር ብዙ ሰው መኖሯንም አያውቅም ነበር። ስትጫኑት መንገዱ ከላይ ወደ ታች ተዘርዝሮ ይመጣል። ከላይ የእናንተ ብራውዘር፣ ቀጥሎ ለምሳሌ ጀርመን፣ ኔዘርላንድስ፣ ሩማንያ፣ መጨረሻ ላይ የድረ ገጹ ስም። ከየአገሩ ጎን ባንዲራና የአይፒ አድራሻ (የሪሌዩ የኢንተርኔት ቁጥር) አለ። ሌላ ኮተት የለውም። ደስ የሚለኝም ይሄ ነው።

አሁን በሌላ ታብ ሌላ ድረ ገጽ ክፈቱና መስኮቱን እንደገና እዩት። መንገዱ ሌላ ነው። ቶር ብራውዘር ለእያንዳንዱ ድረ ገጽ የራሱን ሰርኪት ይሠራል። አንድ የዜና ገጽ ውስጥ የሌላ ድርጅት ማስታወቂያ ወይም የላይክ ቁልፍ ቢኖር እንኳ የሚጫነው በዚያው በዜናው ገጽ ሰርኪት ነው። ስለዚህ ያ ድርጅት በሁለት ገጾች ላይ ቢያገኛችሁ በሁለት የተለያዩ አድራሻዎች ነው የምትመጡበት። አንድ ሰው መሆናችሁን ከአይፒው ብቻ ማወቅ አይችልም። ለእኔ ከቶር ሥራዎች ሁሉ እንደዚህ የሚያኮራ የለም። ተጠቃሚው ምንም ሳይነካ ነው የሚሆነው።

ሰርኪቱን የሚቀይረው ቁልፍ የሚያስፈልገው ገጹ እምቢ ሲል ነው። መውጫውን ብዙ ሰው ስለሚጋራው አንዳንድ ድረ ገጾች አድራሻውን ጥቁር መዝገብ ውስጥ ያስገቡታል። ያኔ ሰው መሆናችሁን የሚፈትን ካፕቻ ይመጣል። የትራፊክ መብራቱን ምረጥ፣ አውቶቡሱን ምረጥ፣ እንደገና ምረጥ። ከዚያም «መግባት አይፈቀድም»። በዚህ ጊዜ «ለዚህ ድረ ገጽ አዲስ ሰርኪት» የሚለውን መጫን ነው። አቋራጩ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤል ነው። ገጹ በሌላ መውጫ ራሱን ደግሞ ይጭናል። አንዳንዴ በመጀመሪያው ይከፈታል፣ አንዳንዴ ደጋግሞ መሞከር ይጠይቃል። ገጹ በጣም ሲንቀራፈፍም ይረዳል።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነውና ትንሽ ልቆይበት። አዲስ ሰርኪት ማለት አዲስ ሰው መሆን ማለት አይደለም። መንገዱ ይቀየራል እንጂ ኩኪው (ድረ ገጹ እናንተን ለማስታወስ ብራውዘሩ ላይ የሚያስቀምጠው ፋይል) እዚያው አለ፣ የገባችሁበት አካውንትም እንደተከፈተ ነው። አንድ ገጽ ላይ በስማችሁ ገብታችሁ ሰርኪት ብትቀያይሩ ድረ ገጹ የሚያየው ያንኑ ሰው ነው፤ ከሩማንያ ተነስቶ ወዲያው ስዊድን የደረሰ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የኢሜይል አካውንቷ በዚህ ሰበብ ተቆልፎ እስኪከፈትላት ድረስ መከራዋን አይታለች። ካለፈው ነገር ሁሉ መላቀቅ የፈለገ ሰው የሚጫነው «አዲስ ማንነት» የሚለውን ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ዩ። እሱ የተከፈቱትን የብራውዘር መስኮቶችና ታቦች ሁሉ ይዘጋል፣ ኩኪና ታሪኩን ያጠፋል፣ ሰርኪቶቹንም ከአዲስ ይጀምራል። ያልተቀመጠ ጽሑፍ ካላችሁ አብሮ ይሄዳል። ሁለቱ ምርጫዎች ሜኑው ላይ ጎን ለጎን መቀመጣቸው አይመቸኝም። አንደኛው ኩኪ እንደማያጠፋ በአንዲት መስመር ቢጻፍለት ብዙ ሰው ይተርፍ ነበር።

ሌላው ቅሬታዬ ስለ ጋርዱ ነው። ሰርኪቱን ደጋግመው ቀይረው «የመጀመሪያው አገር ለምን አይቀየርም? ተበላሽቷል እንዴ?» ብለው የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። አልተበላሸም። ጋርዱ ሆን ተብሎ ለወራት አንድ ሆኖ ይቆያል። መግቢያው በየጊዜው ቢቀያየር ኖሮ ውሎ አድሮ መግቢያውም መውጫውም በአንድ ሰላይ እጅ የሚገኝበት ቀን ይመጣ ነበር። አንዱን ይዞ መቆየት ይህን ዕድል በጣም ያጠብበዋል። መስኮቱ ጋርዱ ላይቀየር እንደሚችል ይናገራል፣ ምክንያቱን ግን እዚያው አይነግራችሁም። ለጀማሪ ሰው ያሳስባል።

እኛ አገር የጋርዱ ቦታ ሌላም ትርጉም ነበረው። የቶር ፕሮጀክት በ2012 እ.ኤ.አ. እንዳሳወቀው ኢትዮጵያ ውስጥ የቶር ግንኙነት በዲፕ ፓኬት ኢንስፔክሽን (የሚያልፈውን ዳታ ውስጡን በሚመረምር ዘዴ) እየተለየ ይዘጋ ነበር። ለእንዲህ ያለው ጊዜ እንደ ኦቢኤፍኤስ4 እና ስኖውፍሌክ ያሉ ብሪጆች፣ ማለትም በጋርዱ ቦታ የሚገቡ ድብቅ መግቢያዎች፣ አሉ። ስታበሯቸው በመስኮቱ የመጀመሪያ መስመር ላይ ብሪጅ መሆኑ ይታያል። በብሪጅ እየሄዳችሁ መሆኑን በዓይን ማረጋገጥ ትልቅ ነገር ነው።

ውጭ አገር ያሉ ወዳጆቼ ደግሞ «መውጫውን አሜሪካ ብቻ ማድረግ ይቻላል?» ይሉኛል። ቶር-አር-ሲ በሚባለው የቶር ማስተካከያ ፋይል ላይ የአገር ኮድ ጽፎ ማድረግ ይቻላል። እኔ ግን አልመክርም፣ የቶር ሰዎችም አይመክሩም። መውጫችሁን ባጠበባችሁ ቁጥር ከሌላው ተጠቃሚ ተለይታችሁ ትታያላችሁ። ፊልም ለማየት አገር መምረጥ የፈለገ ቪፒኤን ይግዛ። ብራውዘሩ ለዚህ ቁልፍ አለማስቀመጡ ትክክል ነው።

ጠለቅ ብሎ ማየት ለሚፈልግ ኒክስ የሚባል በተርሚናል (ትእዛዝ በሚጻፍበት መስኮት) የሚሠራ ፕሮግራም አለ። ቴይልስን (ሁሉንም ግንኙነት በቶር የሚያሳልፈውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም) የምትጠቀሙ ደግሞ ኦንየን ሰርኪትስ የሚባለው አብሮት ይመጣል፣ የተከፈቱትን ሰርኪቶች በሙሉ ይዘረዝራል። ለዕለት ሥራ ግን የብራውዘሩ መስኮት ይበቃል።

መሞከር የምትፈልጉ የዶይቸ ቬለን የኦንየን አድራሻ (በቶር ውስጥ ብቻ የሚከፈተውን) ክፈቱና መስኮቱን እዩት። ዝርዝሩ ይረዝማል፤ ሦስት ሪሌይ በእናንተ በኩል፣ ሦስት በድረ ገጹ በኩል። የእነሱ ሦስቱ የየት አገር እንደሆኑ አይታይም፤ ድረ ገጹም እንደ እናንተ አድራሻውን የመደበቅ መብት ስላለው ነው። ሲጫን ትንሽ ይዘገያል፤ ጠብቁት።