አራት ነጥብን ወደ ቦታዋ የመለሰችልኝ ልጅ

የአባቴ መጽሐፍ ተከፈተ! በእኔ ስልክ ተከፈተ፣ በልጄ ኮምፒውተር ተከፈተ፣ ቨርጂኒያ ባለችው እህቴ ታብሌት ተከፈተ። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ባዶ ሳጥን የለ፣ የፈረንጅ ፊደል የለ፣ የጠፋ ፎቶግራፍ የለ። ለዚህ ያበቃችኝን ልጅ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሳላመሰግናት ብቀር እንቅልፍ አይወስደኝምና እባካችሁ ታግሳችሁ አንብቡልኝ።

ለማታውቁኝ፣ 31 ዓመት አማርኛ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። አባቴ የአሰብ መንገድ ሾፌር ነበር። ኤንትሬ ፊያት የጭነት መኪና ይዞ ጣርማበርን አቋርጦ፣ በኮምቦልቻና በባቲ አድርጎ ወደ አፋር በረሃ ሲወርድና ሲመለስ ነው ያሳደገን። ሲሞት ሰባት ደብተር ተወልን። የናፍጣ ሒሳብ፣ የፈነዳ ጎማ፣ የተሰበረ ባሌስትራ፣ ያደረበት ቦታ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ አንድ መስመር፦ «ዛሬ ሚሌ ላይ ውሃ አጣን።» በ1990 ጦርነቱ መጥቶ የአሰብ መንገድ ሲዘጋ ደብተሩም እዚያው ላይ ይቆማል። እኔ እነዚህን ደብተሮች ይዤ የአባቴን መጽሐፍ ስጽፍ፣ ስተው፣ እንደገና ስጽፍ ስንት ዓመት እንደፈጀሁ ልጆቼ ያውቃሉ። ማተሚያ ቤት ሄጄ የወረቀቱን ዋጋ ስሰማ ራሴን ይዤ ወጣሁ። ያን ጊዜ ነው ልጄ «በስልክ የሚነበብ ይሁን፣ እህትሽም እዚያ ሆና ታነበዋለች» ያለችኝ። መከራዬ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

በስልክ እንዲነበብ አድርጉልኝ ብዬ የሄድኩባቸውን ቦታዎች ስም አልጠራም። የመጀመሪያው ቦታ 8,000 ብር ተቀበሉኝ። በሁለት ሳምንት «አልቋል» ብለው ማውረጃ አድራሻ (ሊንክ) ላኩልኝ። እኔ በዚያ ሰሞን ደሴ ለቅሶ ላይ ነበርኩ። በዘጠነኛው ቀን ተመልሼ አድራሻውን ብነካው ጊዜው አልፎበታል። ስደውል፣ የሚሠራው ለሰባት ቀን ብቻ ነው፣ እንደገና ለመላክ ክፍያ አለው አሉኝ። ለቅሶ ላይ ነበርኩ ብዬ ስነግረው ስልኩን ያነሳው ልጅ «እና እኛ ምን እናድርግ እማማ?» አለኝ። ነፍስ ይማር እንኳን አላለም። ከብሩ ይልቅ እስካሁን የሚቆጠቁጠኝ ይኸው ነው።

ከፈልኩ። ወረደ። ስከፍተው ገጹ ሙሉ ባዶ ሳጥን ተደርድሮበታል፤ የሳሙና መጋዘን ይመስላል እንጂ መጽሐፍ አይመስልም። «ስልክዎ አሮጌ ነው፣ አዲስ ይግዙ» ተባልኩ። ሞኝነቴ፣ ዋጋ ልጠይቅ ሄጄም ነበር።

ሁለተኛው ቦታ ሳጥኑን አጠፉልኝና በምትኩ የፈረንጅ ፊደል፣ የዶላር ምልክትና ቅንፍ የተዘባረቀበት ነገር አመጡ። ይህ ምንድን ነው ብዬ ብጠይቅ፣ ፋይሉን የላኩልኝ ዕለት በቴሌግራም «ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ስለጻፍኩ ሥራው እንደተረከብኩት ይቆጠራል አሉኝ። ማስተካከያ ካሻኝ በአዲስ ክፍያ ነው! ደርሶኛል ያልኩት እኮ ደርሶኛል ለማለት ነው። በዕድሜዋ የመጀመሪያ መጽሐፏን የምታወጣ ሴት፣ «ደርሶኛል» ማለት «አንብቤ አጽድቄአለሁ» ማለት መሆኑን በምን ታውቃለች? ማንስ ነገራት? ማታ ቤቴ ገብቼ ሰባቱን ደብተሮች በፌስታል ጠቅልዬ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀልኳቸው። በቃኝ ብዬ ነበር።

ልጅቷን ያገኘኋት የጡረታ ደብተሬን ኮፒ ላስደርግ ገብቼ ነው። አራት ኪሎ፣ ከብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ብዙ ሳይርቅ፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ጠባብ የጽሕፈት ቤት ናት። ኮፒው እስኪወጣ ድረስ እንደ ለማኝ ችግሬን መዘርገፍ ጀመርኩ። እስክጨርስ ሰማችኝና አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ።

«ፋይሉ አሁን የት ነው ያለው፣ እማማ?»

«ስልኬ ውስጥ ነዋ።»

«ስልክዎ ውስጥ የት?»

መልስ አልነበረኝም። እነዚያ ሁሉ ሰዎች ላክንልዎ፣ አውርዱ፣ ተመልከቱ ሲሉኝ፣ የወረደው ነገር የት እንደሚወርድ የነገረኝ አንድም ሰው አልነበረም። በነካሁት ቁጥር ያው ፋይል እንደገና እየወረደ አንዱ መጽሐፍ በስልኬ ውስጥ አሥራ አንድ ሆኖ ተከምሯል። እኔ ደግሞ ብዙ ጊዜ የምከፍተው የመጀመሪያውን፣ ባለ ሳጥኑን ነበር።

እዚህ ላይ ያደረገችውን ነው ለሰው ሁሉ የምናገረው። ስልኩን ከእጄ አልወሰደችም። ሌሎቹ ሁሉ «አምጡት» ብለው ይነጥቁኝና ጣታቸው እንደ ሽመና መወርወሪያ ወዲያ ወዲህ ብሎ «ይኸው» ይሉኛል። እሷ ግን ሁለት እጇን ወደ ኋላዋ አጣምራ አጠገቤ ቆመች። «እርስዎ ይንኩት፣ እኔ እነግርዎታለሁ» አለች። ጣቴ ይንቀጠቀጣል፣ ደጅ የቆመው ደንበኛ ያጉረመርማል፤ እሷ ንቅንቅ አላለችም። እኔ በ31 ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እስክሪብቶ ከተማሪ እጅ ነጥቄ «እንዲህ ነው!» ብዬ ጽፌ ይሆን? አፈርኩ።

መጽሐፉን አወረድኩት። የወረደበትን ቦታ ራሴ ፈልጌ አገኘሁት። ከፈትኩት። ይህን ሁሉ ካደረግኩ በኋላ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «አሁን ያጥፉት።»

ልቤ ቀጥ አለ። «ልጄ፣ ስንት ዓመት የለፋሁበት ነው!»

«የሚያጠፉት ስልክዎ ላይ የወረደውን ቅጂ ነው። ዋናው አይነካም። አጥፍተው እንደገና ካወረዱት ከዛሬ በኋላ አይፈሩትም።»

አጠፋሁት። አወረድኩት። እንደገና አጠፋሁት። በሦስተኛው ላይ ሁለታችንም ሳቅን። እውነቴን ነው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ስልክ አልፈራውም።

ስለ ሥራው ብዙ አትጠይቁኝ፤ የገባኝ ጥቂት ነው። ፒዲኤፍ የሚሉት እንደ ተጋገረ እንጀራ ነው አለችኝ፤ ትንሽ ስልክ ላይ ብታደርጊው መጠኑ ያው ስለሆነ በመስኮት እንደማየት ነው። ሌላው፣ ኢፐብ የሚሉት፣ ገና ሊጥ ነው፤ በተገኘው ምጣድ ልክ ይሰፋል፣ ፊደሉንም አንባቢው እንደ ዓይኑ ያተልቀዋል። የፈረንጁ ፊደል ምሥጢርም ተፈታ። የመጽሐፌን ግማሽ ድሮ የተየበችልኝ የትምህርት ቤታችን ጸሐፊ ነበረች፤ በዚያን ዘመን ፕሮግራም። የድሮዎቹ ፕሮግራሞች የግዕዙን ፊደል በላቲኑ ወንበር ላይ ነበር የሚያስቀምጡት፤ ያ ፕሮግራም የሌለበት ስልክ የሚያየው ላቲኑን ብቻ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚሉት የዓለም መዝገብ ውስጥ የራሱን ወንበር ያገኘው በፈረንጆቹ 1999 ነው አሉ። ልጅቷ ያንን ግማሽ መጽሐፍ ወደ አዲሱ ወንበር አሸጋገረችው። እንዴት ካላችሁኝ አላውቅም።

ከዚያ ደግሞ «ቆንጆ ነው እንዳይሉኝ፣ መጀመሪያ ያንብቡት» አለችኝ። ሌላው ቦታ ቶሎ እሺ እንድል ነበር የሚቸኩሉት፤ ይህች እሺ እንዳልል ለመነችኝ! አንድ የሃምሳ ሉክ ደብተር ሰጠችኝ። «ስህተት ሲያገኙ የገጽ ቁጥር አይጻፉ፤ ገጹ በየስልኩ ይለያያል። ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ ይጻፉልኝ።» ዘጠኝ ማታ አነበብኩ። እንደ ድሮው የፈተና ወረቀት በቀይ እስክሪብቶ።

ያገኘሁትን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። አራት ነጥብ ቦታዋን ለቃለች። ዓረፍተ ነገሩ እታች መስመር ጥግ ላይ ያልቃል፤ አራት ነጥቧ ግን በሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ላይ ብቻዋን ቆማለች፤ አውቶቡስ እንዳመለጣት ሴት። አንድ ቦታ አይደለም፣ መጽሐፉን ሙሉ! ይዤላት ስሄድ አየት አደረገችና «ከነጥቡ በፊት ክፍተት እየተተወ ነው የተተየበው፤ ወረቀት ላይ አይታወቅም ነበር» አለች። በማግስቱ ሁሉም ነጥብ ከቃሉ ጎን ገብቶ አገኘሁት።

ከሁሉ ያሳፈረኝ ግን ሐይቅ ነው። የተወለድኩት ሐይቅ ነው፤ ከደሴ ወደ ሰሜን ስትሄዱ ያለችው፣ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለባት። መጽሐፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሐይቅ ሐይቅ ይላል። ልጅቷ ፍለጋው ላይ «ሐይቅ» ብላ ስትጽፍ ያወጣላት 14 ቦታ ብቻ። ዝም ብላ አሰበችና በሃሌታው ሀ ጻፈች፤ ሌላ 20 ቦታ ወጣ። በብዙኃን ኀ ሞከረች፤ አሁንም ወጣ! «እማማ፣ ኮምፒውተሩ ሦስት የተለያየ አገር አድርጎ ነው የሚያያቸው። የትኛውን ላድርግልዎ?» አለችኝ። 31 ዓመት ሐመሩን ሐ ከሃሌታው ለዩ እያልኩ ተማሪ ያንበረከክሁ ሴት፣ የተወለድኩበትን አገር በሦስት ፊደል ጽፌ ተገኘሁ። ጸሐፊዋ ናት ብዬ ላመካኝ ነበር፤ የእጅ ጽሑፌን ሳየው ግን እኔው ነኝ። አሰብም በአልፋው አ እና በዓይኑ ዐ ሁለት ሆና ነበር። ሁሉንም አንድ አደረገችልኝ። ማንም ይህን አድርጊ ብሎ አላዘዛትም፤ በክፍያውም ውስጥ አልነበረም።

ክፍያው ስንት ነው? ለእኔ 2,500 ብር ነው ያስከፈለችኝ። ልጨምርልሽ ብል እምቢ አለች። ድፎ ዳቦ ጋግሬ ወሰድኩላት፤ እሱን ተቀበለች፣ ደጅ ለቆሙት ደንበኞችም ቆርሳ አደለች።

ደግሞ ለወዳጆቼ የምልከው የሙከራ ቅጂ ላይ የእያንዳንዱን ሰው ስም እየጻፈች ሰጠችኝ። መጽሐፍ በቴሌግራም እንዴት እንደሚበተን የታወቀ ነው፤ የራሱ ስም የተጻፈበትን ግን ሰው ለማሳለፍ ያፍራል። ወመዘክር ሄጄ የመጽሐፍ መለያ ቁጥር እንድጠይቅ፣ ወረቀቱ አንድ ቀን ከታተመም ለእሱ ሌላ ቁጥር እንደሚያስፈልግ የነገረችኝም እሷ ናት።

ከእነዚያ የሙከራ ቅጂዎች አንዱ የሄደው ለአባቴ የመጨረሻ ረዳት ነው። ጋሼ አሁን 80 አልፏቸዋል፣ ኮምቦልቻ ነው የሚኖሩት፤ ዓይናቸው ስለደከመ መጽሐፍ ካነበቡ ቆይቷል። የልጅ ልጃቸው ስልኩ ላይ ፊደሉን አተለቀላቸው፤ በአንድ ገጽ አምስትና ስድስት መስመር ብቻ እስኪቀር። በሳምንቱ ደወሉልኝ። ያመሰግኑኛል ብዬ ስጠብቅ በቁጣ ጀመሩ።

«አንቺ ልጅ፣ ኤሊዳርን ከዲቾቶ አስቀድመሽ ጻፍሽ! አባትሽ ቢሰማ ምን ይልሻል? ከዚህ ስትወርጂ መጀመሪያ ዲቾቶ ነው!»

እውነታቸውን ነው። የአባቴ ደብተር ላይ ያ ጉዞ የመመለሻው ነበር፤ እኔ የመሄጃው አድርጌ ነበር የጻፍኩት። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለና «ሚሌ ላይ ውሃ ያጣን ቀን የመጨረሻዋን ኮዳ ለእኔ ነበር የሰጠኝ፤ እሱን አልጻፈውም እንዴ?» አሉኝ። አልጻፈውም ነበር። አሁን መጽሐፉ ውስጥ ገብቷል።

ይህን ለማስገባት ስመለስ ልጅቷ ሥራው አልቆ ርክክብ ተደርጓል አላለችኝም። ወንበር ሳበችልኝና «ያንብቡልኝ፣ እጽፋለሁ» አለች። ስትጽፍ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ የእሷም አባት ሾፌር መሆኑን ያን ቀን ነው የነገረችኝ።

እንግዲህ መጽሐፍ ጽፋችሁ ሳጥን ውስጥ የቀበራችሁ፣ ፋይል ተልኮላችሁ መክፈት ያቃታችሁ፣ «ስልክዎ አሮጌ ነው» የተባላችሁ፣ ወደዚህች ልጅ ሂዱ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትጽፉ ደግሞ በተለይ ሂዱ፤ አታሳፍራችሁም። ስሟንና ስልኳን አደባባይ ላይ እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና እሰጣችኋለሁ። ጠዋት ጠዋት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወረፋ ስለሚበዛባት ከሰዓት በኋላ ብትሄዱ ይሻላል፤ እሑድ ዝግ ናት። ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ ያዙ፤ ሦስት ጊዜ ታስጠፋችኋለች።