አይልሳ ክሬግ የሽንኩርት ዘር፦ ለጓሮ 5 ኮከብ፣ ለዶሮ ወጥ ግን...

ይሄ ሲያትልና አካባቢው ጓሮ ላላችሁ ነው። አይልሳ ክሬግ የሚባለውን ግዙፍ ሽንኩርት ከዘር ጀምሬ አሳድጌዋለሁ፣ ለጓሮ 5 ኮከብ ለድስት 3 ሰጥቼዋለሁ።

የስኮትላንድ ዘር ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1887 ጀምሮ ያለ የድሮ ዘር። ፓኬቱ ጥቂት ዶላር ነው፣ ውስጡ ያለውን አንድ ቤተሰብ አይጨርሰውም። ብቻ ስትገዙ የዘንድሮ መሆኑን ጀርባው ላይ እዩ፣ የሽንኩርት ዘር እንደ ቲማቲም ዘር ዓመታት አይቆይም፣ አንድ ሁለት ዓመት ካለፈው ብዙው አይበቅልም።

ጃንዋሪ መጨረሻ ቤት ውስጥ ትሪ ላይ ትዘሩታላችሁ፣ ሲበቅል ፀጉር የመሰለ ቀጭን ነገር ስለሆነ ኧረ ይሄ ነው ኪሎ የሚሆነው ያስብላል። ረዝሞ መጋደም ሲጀምር በመቀስ ወደ 10 ሳንቲም ከርክሙት (ክርካሚውን አትጣሉት፣ እንቁላል ፍርፍር ላይ ጣል)። ኤፕሪል ላይ ችግኙን ወደ ውጪ፣ በመሃሉ 20 ሳንቲም ያህል እየተዋችሁ። አጠጋግታችሁ ከተከላችሁ ግዙፉን እርሱት።

ዋናው ነገር ቅጠሉ ነው። እያንዳንዱ ቅጠል ሽንኩርቱ ውስጥ አንድ ድርብ ይሆናል፣ ስለዚህ ራስ መቋጠር ከመጀመሩ በፊት ቅጠል ማብዛት ነው ስራው፣ በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ናይትሮጅን ያለው ማዳበሪያ፣ ውሃ ሳያቋርጡ (ስሩ ጥልቅ አይሄድምና እዚህ ጁላይ ላይ ዝናቡ ሲጠፋ ቶሎ ይጎዳል)፣ አረም ደሞ በጭራሽ። ራሱ ማበጥ ሲጀምር ማዳበሪያውን አቁሙ። ትከሻው ከአፈር በላይ ወጥቶ ይታያል፣ እንደ ድንች አፈር ላልብሰው እንዳትሉ፣ እንደዛው ተዉት። ኦገስት ላይ አንገቱ ይለሰልስና ቅጠሉ በራሱ ጊዜ ይተኛል፣ ያኔ ንቀሉና ነፋሻ ጥላ ላይ ሁለት ሳምንት አድርቁት።

የኔ ትልቁ ኪሎ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው፣ አንዱን ለሁለት ስሰነጥቀው መክተፊያውን ሞላው። እንግሊዝ ሃሮጌት ላይ በ2023 ለውድድር የቀረበ ሽንኩርት 8.97 ኪሎ መዝኗል፣ ግን እነሱ ለውድድር ብለው ለዓመታት የመረጡት የራሳቸው ዘር አላቸው፣ ከፓኬት ያንን አትጠብቁ።

አሁን ወደ ድስቱ። ጣፋጭ ነው፣ ጥሬውን ቲማቲም ሰላጣ ላይ ብትበሉት አይን አያቃጥልም አፍ አያሸትም፣ እዛ ላይ ወደር የለውም። ቁሌት ላይ ግን ጉድ ነው፣ ውሃ ብቻ! ያለ ዘይት ሳቁላላው ውሃው አልመጥ ብሎኝ እንግዶች በር ላይ ደርሰዋል፣ ሲያልቅም ከድስት ሙሉ ሽንኩርት የቀረው ትንሽ ነገር ነው፣ ወጡም ጣፈጥ አለ። ባለቤቴ በርበሬው ማር ገባበት እንዴ አለኝ።

ሌላ፣ ሀገር ቤት ላኪልኝ ያላችሁኝ ዘመዶች አትቀየሙኝ፣ አልላክሁም። ይሄ ዘር ራስ እንዲቋጥር ቀኑ 14 እስከ 16 ሰዓት መርዘም አለበት፣ እኛ ጋ ጁን ላይ 16 ይደርሳል፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ረጅሙ ቀን እንኳ 13 ሰዓት ገደማ ነው። ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀርባችኋል። እነ ቦምቤይ ሬድ እና አዳማ ሬድ ለዛው ቀን የሚስማሙ ናቸው፣ እነሱን ዝሩ። ዳላስና ሂውስተን ያላችሁም ተዉት፣ ለናንተ አጭር ቀን የሚወደው እነ ቴክሳስ 1015 ነው፣ ያውም በብርዱ ወራት የሚተከል።

ፓኬቱ ላይ ግን ስለ ቀን ርዝመት አንድ ቃል የለም፣ ከሽያጭ በፊት መነገር የነበረበት ዋና ነገር እሱ ነበር።

ብዙ አያቆይም ደሞ፣ ውሃ የበዛበት ስለሆነ ኖቬምበር ሳይደርስ መለስለስ ይጀምራል፣ ቶሎ ብሉት ወይ ለጎረቤት አድሉ። ለዶሮ ወጡ ስል በሚቀጥለው ዓመት ግማሹን መደብ ሬድዊንግ ቀይ ሽንኩርት ልዘራበት ነው፣ እሱ ያን ያህል አይገዝፍም ግን ደረቅ ነው፣ ሳይበላሽም ክረምቱን ይዘልቃል።